ሜርሎ ወይን ኮምቦልቻ ላይ ቢተከል ፍሬው ለጥር ይደርሳል?

የቦርከና ልጅ
ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ስለ ሜርሎ ነው። የዝዋዩን ሪፍት ቫሊ ሜርሎ ደጋግሜ ቀምሼዋለሁ። ከሌሎች ደረቅ ቀይ ወይኖች ይልቅ አፍ አያኮማትርም፤ የበሰለ ፕሪም ይሸታል፤ ሲዋጥም ለስለስ ይላል። ይህ ከዝርያው የመጣ ነው ወይስ ከአሠራሩ?

ሁለተኛው ጥያቄ ልቤን የያዘው ነው። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በቦርከና ሸለቆ የቤተሰብ መሬት አለን። የመስኖ ውሃ ይደርሰዋል፤ አፈሩ ከፊሉ ዋልካ ነው። እዚያ ላይ ሜርሎ ቢተከል ያፈራል? ከተማችን ውስጥ ያለው የቢራ ፋብሪካና የዝዋዩ ወይን ሁለቱም ከፈረንሳዩ የመጠጥ ድርጅት ከካስቴል እጅ የወጡ ናቸው። ቢራው ወሎ ከገባ ወይኑስ ምን ያግደዋል እያልኩ አስባለሁ። የምታውቁ አስረዱኝ።

የደሴ መምህር
ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ሁለት ቢሆንም መልሱ አንድ ቦታ ይገናኛል። ሜርሎን ለስላሳ የሚያደርገው ጠባይ የት ሊተከል እንደሚችልም ይወስናል። ስለዚህ ከዝርያው ልጀምር።

ሜርሎ የቦርዶ ወይን ነው፤ ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ። ስሙ በጽሑፍ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1784 ሲሆን ዛሬ በቦርዶ ከቀይ ዝርያዎች ሁሉ በብዛት የሚተከለው እሱ ነው። አባቱ ካቤርኔ ፍራንክ ነው። እናቱ ለረጅም ጊዜ ሳትታወቅ ኖራ እ.ኤ.አ. በ2009 በዘረ መል ምርመራ ተለየች፤ ማግድሌን ኑዋር ዴ ሻራንት ትባላለች። ጨርሳ ልትጠፋ ጥቂት የቀራት ሐረግ ነበረች። የተገኘችው በፈረንሳይ ብሪታኒ በተተወ የወይን ቦታና በሻራንት መንደሮች በሰው ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ዝነኛው ካቤርኔ ሶቪኞንም ከካቤርኔ ፍራንክ የተወለደ ስለሆነ ከሜርሎ ጋር የአንድ አባት ልጆች ናቸው።

ወንድማማቾች ይሁኑ እንጂ ጠባያቸው ይለያያል። አፍ የሚያኮማትረው ታኒን የሚባለው ነገር ሲሆን የሚገኘው ከልጣጩና ከዘሩ ነው። ቀለሙም ከልጣጩ ይመጣል። የሜርሎን ፍሬ በጣትህ ብታፈርጠው ከውስጥ የሚወጣው ጭማቂ ነጣ ያለ ነው። ለዚህ ነው ቀይ ወይን ሲሠራ ጭማቂው ከነልጣጩ የሚብላላው። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለውጥ ጋዙ ልጣጩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ልጣጩም በጋኑ አፍ ላይ ወፍራም ክዳን ሠርቶ ይንሳፈፋል። ሠራተኞቹ በየዕለቱ እየደፈቁ ይመልሱታል፤ አለዚያ ቀለሙም ታኒኑም ወደ ወይኑ አይገባም። የሜርሎ ፍሬ ከካቤርኔ ሶቪኞን ተለቅ ይላል፤ ልጣጩም ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ ለተመሳሳይ ጭማቂ የሚደርሰው ታኒን ያነሰ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ አለ። ባክቴሪያዎች በአፕል ውስጥ የምናውቀውን ማሊክ አሲድ ወደ ላክቲክ አሲድ፣ ወደ እርጎው አሲድ ይለውጡታል። የሚዋጠው ለስለስ የሚለው በዚህም ጭምር ነው። ባጭሩ ዝርያውም አሠራሩም ድርሻ አላቸው፤ ትልቁን ድርሻ ግን ለዝርያው እሰጣለሁ።

የላሊበላ አስተናጋጅ
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ በጠረጴዛ በኩል ያለውን ልጨምር፤ ሥራዬ ሆቴል ውስጥ ለእንግዳ ወይን ማቅረብ ነው።

ጠርሙሱ ላይ ሜርሎ ተብሎ ሲጻፍ ሁልጊዜ መቶ በመቶ ሜርሎ ነው ማለት አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የአንድ ዝርያ ስም ለመጻፍ ቢያንስ 85 በመቶው ያ ዝርያ መሆን አለበት፤ በአሜሪካ 75 በመቶ ይበቃል። በቦርዶ ደግሞ ጭራሽ የዝርያውን ስም ላታገኙት ትችላላችሁ። ሴንት ኤሚልዮን ወይም ፖምሮል የሚል የቦታ ስም ካያችሁ አብዛኛው ሜርሎ ነው ብላችሁ ገምቱ፤ ጥቂት ካቤርኔ ፍራንክ ይቀላቀልበታል። ሜርሎው ሥጋ ይሰጣል፣ ካቤርኔው አጥንት።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቀይ ወይን ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አቁማችሁ አታቅርቡ። በክፍል ሙቀት ይቅረብ የሚለው ምክር የመጣው ከድሮው የአውሮፓ ቀዝቃዛ ቤት ነው። ለሜርሎ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ይስማማዋል። እኛ ዘንድ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ድንጋይ ግድግዳ ያለው ጓዳ ይበቃል። ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ግን ከማቅረባችሁ በፊት ጥቂት ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆዩት። ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፤ የፕሪሙም ሽታ ይጠፋል።

ምግቡንስ? በርበሬ የበዛበት ዶሮ ወጥ ከጠንካራ ካቤርኔ ጋር አይስማማም፤ ሚጥሚጣና በርበሬ አልኮሉን ያቀጣጥሉታል፣ ታኒኑንም ያሻክሩታል። ታኒኑ ያነሰው ሜርሎ ከወጡ ጋር ይታረቃል። ከሁሉ የሚስማማው ግን የደጋ በግ ጥብስ ነው፤ በቅቤና በሮዝመሪ ብቻ የተጠበሰ፣ ቃሪያው ለብቻው። ለገና የሚመጡ እንግዶች የዝዋዩን ሜርሎ ከዚህ ጥብስ ጋር ካቀረብኩላቸው በኋላ የጠርሙሱን ስም በስልካቸው ፎቶ እያነሡ ይሄዳሉ። ወይኑ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ መሆኑን ስነግራቸው ይደነቃሉ።

ዲያቆን ከወልዲያ
ሰላም ወንድሞቼ። በቤተ ክርስቲያናችን ለቅዳሴ የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው። ዘቢቡ በውሃ ተዘፍዝፎ ይታሻል፣ ይጨመቃል፤ እንደ ጠርሙስ ወይን እንዲብላላ አይተውም። ይህን ያነሣሁት ወይን በአገራችን እንግዳ አለመሆኑን ለማስታወስ ነው።

ጥያቄ አለኝ። በአንድ ደብር ቅጥር ግቢ ውስጥ የቆየ ሐረግ አለ። ፍሬው ጥቁር፣ ደቃቅና ጣፋጭ ነው። የአካባቢው ሰው ሜርሎ ነው ይላል። ከዚያ ቆርጦ መትከል አይቻልም? የቦርከናው ወንድማችን ከሩቅ አገር ችግኝ ከሚፈልግ ከእኛው ቢጀምር።

የመርሳ አትክልተኛ
ዲያቆን፣ ሐረጉን ጠብቁት፤ ግን ሜርሎ ነው ብላችሁ አትትከሉት። ጥቁርና ጣፋጭ የሆነ ወይን በመቶ የሚቆጠር ዝርያ አለው። ቺሊ ያሉ ገበሬዎች ለብዙ ዘመን ሜርሎ ነው እያሉ ሲተክሉት፣ ሲለቅሙትና ሲሸጡት የኖሩት ሐረግ ብዙው ካርሜኔር የተባለ ሌላ ዝርያ ነበር። ካርሜኔር ደግሞ በፈረንሳይ ጠፍቷል ተብሎ የሚታመን ዝርያ ነበር። ነገሩን የገለጠው ዣን ሚሼል ቡርሲኮ የተባለ የፈረንሳይ የወይን ዝርያ አዋቂ ሲሆን ዓመቱም እ.ኤ.አ. 1994 ነው። ከለያቸው ነገሮች አንዱ ቅጠሉ ነው፤ የለጋ ካርሜኔር ቅጠል ጀርባው ቀላ ይላል፣ የሜርሎው ነጣ ይላል።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ካርሜኔር ከሜርሎ በሳምንታት ዘግይቶ ይበስላል። ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ቀን የለቀመ ሰው ግማሹን በስሎ ግማሹን ጥሬ ይለቅማል። ለወሎ ይህ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። ምክንያቱን ላብራራ፤ የዚህ ውይይት እምብርት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በቦርዶ ሜርሎ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ ቀድሞ ይበስላል። ከካቤርኔ ሶቪኞን ሁለት ሳምንት ያህል ይቀድማል። ለእነሱ ይህ ቀዳሚነት ስጋት ነው፤ የጸደይ ውርጭ ለጋውን እምቡጥ ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1956 የወረደው ከባድ ብርድማ ብዙ የሜርሎ ሐረግ ከነግንዱ ገድሏል። ወሎ ላይ ግን ያው ጠባይ ሀብት ይሆናል።

የእኛን ዓመት አስቡት። ክረምቱ ከሐምሌ እስከ መስከረም መግቢያ ይዘንባል። በልጉ የካቲት ላይ ይጀምርና እስከ ሚያዝያ ይዘልቃል። በመሐል ያለው በጋ ነው። ወይን ፍሬ ይዞ ዝናብ ካገኘው ዘለላው ይሻግታል፣ ፍሬው ይሰነጠቃል፤ የሜርሎ ልጣጭ ደግሞ ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ ፍሬው ከእምቡጥ እስከ ለቀማ በጋው ውስጥ መግባት አለበት። ሐረጉ በነሐሴ መጨረሻ ቢገረዝ መስከረም አጋማሽ ላይ ያቆጠቁጣል፤ በጥቅምት መጨረሻ ያብባል። ካበበ በኋላ 100 ቀን ገደማ ስጡት፤ ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት መግቢያ ላይ ይደርሳል። ሜርሎ በልጉን ለጥቂት ያመልጠዋል። ሁለት ሳምንት የሚዘገየው ካቤርኔ ሶቪኞን በልጉ አናት ላይ ይወድቃል። ለቦርከና ሸለቆ ከትልልቆቹ የቦርዶ ዝርያዎች አንዱን ምረጥ ብባል ሳላመነታ ሜርሎን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ አሠራር እኔ ያሰብኩት አይደለም። ብራዚል ውስጥ ሚናስ ዤራይስ በተባለው ክፍለ አገር ቀዝቃዛው ወቅታቸው ደረቅ፣ ሞቃቱ ዝናባማ ነው። እነሱ ሐረጉን በዓመት ሁለት ጊዜ ይገርዛሉ፤ ከመጀመሪያው ግርዛት በኋላ የሚመጣውን አበባ ቆርጠው ይጥላሉ፣ ከሁለተኛው በኋላ የሚመጣውን በደረቁ ወራት ያበስላሉ። በብዛት የሚጠቀሙት ሲራ የተባለውን ዝርያ ነው። ወሎ ላይ ሲሆን የመጀመሪያው ግርዛት ከለቀማ በኋላ የካቲት ላይ፣ ሁለተኛው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይውላል። በልጉና ክረምቱ ቅርንጫፍ ያሳድጉ፣ በጋው ፍሬውን ያብስል።

የደሴ መምህር
የመርሳው ወንድሜ የተናገርከው አሳማኝ ነው፤ አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ኅዳርና ታኅሣሥ በእኛ በኩል ብርድ ነው። ደሴ ላይ ውርጭ ይወርዳል፤ የጦሳን ሥር ጠዋት ያየ ያውቀዋል። ፍሬው በብርዱ መሐል እንዴት ይበስላል?

የመርሳ አትክልተኛ
መምህር፣ ደሴ ላይ አትትከሉት። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሙቀቱ አይበቃም፣ ውርጩም ያቃጥለዋል። ኮምቦልቻ ግን ከደሴ ብዙ ዝቅ ይላል፤ ከዝዋይ 1,600 ሜትር ገደማ ብዙ አይርቅም። እዚያ የታኅሣሥ ቀኑ ፀሐይ ነው፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ። ለሜርሎ ይህ ይጠቅመዋል፤ ሜርሎ ሙቀት ሲበዛበት አሲዱን ቶሎ ይጥላል፣ ስኳሩ ይሮጣል፣ ወይኑ ከባድና ደነዝ ይሆናል። ቀዝቃዛ ሌሊት አሲዱን ያቆይለታል። ቆቦ ሜዳ ላይ ትከሉ ብባል እምቢ የምለውም ስለዚህ ነው፤ ሙቀቱ ይበዛበታል። ከኮምቦልቻ እስከ ሐይቅ ያለውን ከፍታ እመርጣለሁ። መሬት ሲመረጥም ተዳፋቱን እንጂ የሸለቆውን ወለል አትምረጡ፤ ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወርዶ ወለሉ ላይ ይተኛል።

ቃሉ ገበሬ
አሰላሙ አለይኩም ወንድሞቼ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የወይን ጠጁ ነገር አይመለከተኝም፣ አልቀምስም። ሐረጉን ግን አውቀዋለሁ። የገበታ ወይን በጓሮዬ አለኝ፤ ፍሬውን ልጆቼ ይበሉታል፣ የተረፈውን ገበያ አወጣዋለሁ። ስለ ተክሉ የማውቀውን ልንገራችሁ።

በእኛ አገር ወይን እንቅልፍ የለውም። ብርድ ባለበት አገር ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፣ በጸደይ ሁሉም እምቡጥ አብሮ ይነቃል። እዚህ ስትገርዘው ጫፉ ላይ ያሉት ሁለት ሦስት እምቡጦች ቀድመው ይፈነዳሉ፣ ከሥር ያሉት ይቀራሉ። እንግዲህ የመርሳው ወንድሜ የቀን ስሌት ሁሉም እምቡጥ አብሮ ከወጣ ነው የሚሠራው። እኔ የማደርገው ከገረዝኩ በኋላ ቅርንጫፉን ቀስ ብዬ ጎንበስ አድርጌ፣ ጫፉን ከመካከሉ ዝቅ አድርጌ በሽቦው ላይ አስራለሁ። ያኔ የመካከሉም እምቡጥ ይፈነዳል። በኃይል ካጠፋኸው ይሰበራል፤ ስለዚህ ጠዋት ሳይሆን ፀሐይ ካገኘው በኋላ፣ ሲለዝብ ነው የሚታጠፈው።

ሁለተኛው ወፍ ነው። ማሽላችንን ማማ ላይ ተቀምጠን በወንጭፍ እንደምንጠብቅ ታውቃላችሁ። ጥር ላይ ማሽላው ከታጨደ በኋላ መስክ ላይ የሚቀረው ጣፋጭ ነገር የአንተ ወይን ብቻ ነው፤ የአገሩ ወፍ ሁሉ ወደ አንተ ይመጣል። መረብ ሳታዘጋጅ እንዳትተክል።

የቦርከና ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቃሉ ገበሬ፣ አላህ ይስጥልኝ፤ የቅርንጫፉን ነገር ከአንተ በቀር ማንም አልነገረኝም። የቀረኝ የአፈሩ ነገር ነው። ዋልካችን በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ወይን ደግሞ ጠጠር መሬት ይወዳል ሲባል እሰማለሁ። ሌላው፣ ክረምቱን ቅጠሉ እንዴት ይተርፋል? ዝናብ ባየ ቁጥር ነጭ ሻጋታ የሚለብስ ከሆነ ለበጋው ፍሬ የሚሆን ጉልበት ከየት ያመጣል?

የመርሳ አትክልተኛ
ጠጠር የሚወደው ካቤርኔ ሶቪኞን ነው፤ ጠጠሩ ቀን ይሞቅና ለዘገየው ፍሬ ማብሰያ ይሆነዋል። ሜርሎ ሸክላማ አፈር ይስማማዋል፤ ሸክላው ቀዝቀዝ ይላል፣ ውሃውንም በቁጠባ ይለቅለታል። በዓለም ከሁሉ ውድ ከሚባሉት የሜርሎ ወይኖች አንዱ የሆነው ፔትሩስ ፖምሮል ውስጥ 11 ሄክታር ተኩል ገደማ በሆነ ሰማያዊ ሸክላ ላይ ነው የሚበቅለው። ይህን ሰምተህ ግን ዋልካው ወለል ላይ እንዳትተክል። ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ይታፈናል። ዋልካው ከቀይ አፈር ጋር የሚገናኝበት፣ ውሃ የሚንሸራተትበት ተዳፋት ካለህ እሱን ውሰድ። መሬቱ ጠፍጣፋ ብቻ ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ሠርተህ በመካከሉ የውሃ መውረጃ ቦይ አውጣ።

ለሻጋታው መድኃኒቱም የመጣው ከዚያው ከቦርዶ ነው። የሜዶክ ገበሬዎች መንገደኛ ፍሬያቸውን እንዳይሰርቅ በመንገድ ዳር ያለውን ሐረግ በሰማያዊው የመዳብ ሰልፌትና በኖራ ይቀቡት ነበር፤ መርዝ መስሎ እንዲያስፈራ ብለው። ሚያርዴ የተባለ የእፅዋት ሊቅ የተቀባው ሐረግ ቅጠሉን ሳያረግፍ ያልተቀባው መራገፉን አስተዋለና እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመው። እስከ ዛሬ የቦርዶ ድብልቅ ይባላል። ዝናቡ ሳይጀምር በሰኔ ትረጨዋለህ፣ ከባድ ዝናብ ካጠበው ትደግማለህ። መዳቡ አፈር ውስጥ ስለሚከማች መጠኑን አታብዛ። ቅጠሎቹ እንዲናፈሱም ረድፉን በነፋሱ አቅጣጫ ትከል።

የላሊበላ አስተናጋጅ
ወይኑን ማን ይሠራዋል የሚለውን አልተነጋገርንም። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ቢያድር ድካሙ ሁሉ ይበላሻል። ሆቴል ውስጥ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ጠርሙስ ከፍቼ የመለስኩበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ያለው ጉድለት ብዙ ጊዜ የንጽሕና ወይም የጋኑ አፍ ለአየር ክፍት የመሆን ጉዳይ ነው። ለኮምቦልቻ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ትልቅ ፋብሪካ አይመስለኝም። የሚዘጋ የማይዝግ ብረት ጋን፣ ቴርሞሜትርና ጥላ ያለበት ቤት ይበቃል። ጥሩ ከሆነ ላሊበላ ገዢ አለው፤ የወሎ ወይን ነው ብዬ ለእንግዳ ማቅረብ እመኛለሁ።

የመርሳ አትክልተኛ
ልክ ነህ። ስለ ችግኙም ልጨምርና ልጨርስ። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ከአሜሪካ የገባ ፊሎክሴራ የተባለ የሥር ተባይ የአውሮፓን ወይን አጥፍቶት ነበር፤ የዳነው የአውሮፓው ሐረግ በአሜሪካው ሥር ላይ እየተዳቀለ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ሜርሎ ስትፈልግ በተቋቋሚ ሥር ላይ የተዳቀለ፣ ዝርያው የተረጋገጠ ችግኝ በኳራንታይን ፈቃድ አስገባ። በሻንጣ ተጠቅልሎ የመጣ ቁራጭ ለራስህም ለጎረቤትህም በሽታ ያመጣል። ሄክታር አትነካ፤ ጥቂት ረድፍ ይበቃሃል።

ችግኙ እስኪመጣ ዝም ብለህ አትቀመጥ። ቃሉ ገበሬ ፈቃዱ ከሆነ፣ በጓሮው ሐረግ ላይ የነሐሴውን ግርዛት ሞክሩት። ዝርያው ሜርሎ ባይሆንም እምቡጡ መቼ እንደሚወጣ፣ አበባው መቼ እንደሚከፈትና የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ሲወርድ ፍሬው ምን ላይ እንደሚሆን ያሳየናል።

ቃሉ ገበሬ
ፈቃደኛ ነኝ። ከሐረጎቼ ግማሹን እንደ ልማዴ እተዋለሁ፣ ግማሹን ነሐሴ ማብቂያ ላይ እገርዛለሁ። የቦርከናው ልጅ፣ መቀስህን ስለህ ና፤ ማጠፉን በእጅህ ካላደረግኸው በጽሑፍ አይገባህም። ቀኑን እየመዘገብክ እዚሁ ጻፍላቸው።

የቦርከና ልጅ
እመጣለሁ። መመዝገቢያ ደብተሩንና የዝናብ መለኪያውን እኔ አዘጋጃለሁ። መምህር፣ የሌሊቱን ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ትምህርት ቤት ካለ ታውሱን ነበር?

የደሴ መምህር
ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ሙቀት የሚይዝ አንድ አለን። ጠይቄ አስፈቅድና ነሐሴ ሳይጋመስ ኮምቦልቻ ይዤልህ እወርዳለሁ።